«ዘፈን እልካለሁ፣ የሚሰማኝ የለም»፦ የሚወዱትን ሮክ ለወዳጅ እንዴት ይልካሉ?

ጥያቄ፦ «ክላሲክ ሮክም ሆነ ኢንዲ ሮክ ለብዙ ዓመት ስሰማ ኖሬያለሁ። ለወዳጆቼ ሊንክ እየላኩ ‹ምርጥ ነው፣ ስሙት› እል ነበር፤ ማንም አይከፍተውም። ከዚያ የባንዱን ታሪክ፣ የአልበሙን ሽያጭ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሁሉ ጽፌ መላክ ጀመርኩ። ጽሑፉን አነበቡት፣ ዘፈኑን ግን አልሰሙትም። አሁን አንዲት ጓደኛዬ ‹የምትወዳቸውን መርጠህ፣ ለምን እንደወደድካቸው ጽፈህ ላክልኝ› አለችኝ። ዝርዝሬ 64 ዘፈን ሆነ፤ አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ምኑን ልቀንስ? ምን ብዬስ ልጻፍ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

64 ዘፈን ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የቆየው ሮክ የተሠራው ለሸክላ ነው፤ የኤል ፒ ሸክላ አንድ ገጹ 22 ደቂቃ ገደማ ይይዛል፣ ሁለቱ ገጽ ሲደመር 44። ሰው ሳይሰለች ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ይህን ያህል ነውና እርስዎም ከዚያ አይለፉ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዘፈን ይበቃል።

ለመቀነስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህን ዘፈን ስከፍት ጆሮዬ አስቀድሞ የሚጠብቀው የትኛውን ቦታ ነው? ደቂቃና ሰከንዱን መጥራት ከቻሉ ዘፈኑ ይቆይ። መጥራት ካቃተዎ ምናልባት የሚወዱት ዘፈኑን ይሰሙበት የነበረውን ዘመን ይሆናል፤ እሱ ደግሞ በሊንክ አይላክም። በዚህ ጥያቄ ብቻ ዝርዝርዎ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከቀሩት ውስጥ ሁለት ዘፈኖች አንድ ዓይነት ነገር የሚያሰሙ ከሆነ አጭሩን ያስቀሩ።

ማስታወሻውም የሚጻፈው ከዚያችው ሰከንድ ተነሥቶ ነው። ወዳጆችዎ ታሪኩን አንብበው ዘፈኑን የተዉት፣ ታሪኩ ዘፈኑ ባይኖርም ሙሉ ስለነበረ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ ለማወቅ ዘፈን መክፈት አያስፈልግም። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ዘፈኑ ካልተከፈተ በቀር ጎዶሎ መሆን አለበት።

ከዝርዝርዎ አንዱን እንውሰድ፤ የሮሊንግ ስቶንስ «ጊሚ ሼልተር»፣ 1969። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) እርስዎ በአጠገቡ የጻፉት «የዘመኑን ሁከት የሚያሳይ ታላቅ ዘፈን» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጆሮን የትም አይወስድም። እንዲህ ቢሉስ፦ «ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ተጋባዧ ዘፋኝ ሜሪ ክሌይተን ብቻዋን ትዘፍናለች። ያንኑ ስንኝ ደጋግማ ከፍ ከፍ ስታደርገው ድምጿ ይሰነጠቃል፤ ወዲያው ደግሞ ከፊተኛው ብሶ ይሰነጠቃል። ከኋላዋ የባንዱ ዘፋኝ ሚክ ጃገር ተገርሞ ሲጮህ ይሰማል። ያንን ጩኸት ከቅጂው አላወጡትም።» ይህን ያነበበ ሰው ስንጥቁን ሳይሰማ ማለፍ ይከብደዋል። ክሌይተን በሌሊት ከቤቷ ተጠርታ መጥታ፣ በጥቂት ሙከራ ዘፍና እንደተመለሰች ማከል ይችላሉ፤ ድምጿ ለምን እንደዚያ ሳይቆጠብ እንደወጣ ስለሚያስረዳ ይጠቅማል። የአልበሙ ሽያጭ ግን ምንም አያስረዳምና ይቅር።

ማስታወሻ ከሁሉ የሚሠምረው የሚሰማው ነገር እንዴት እንደተሠራ ሲናገር ነው። የዴቪድ ቦዊን «ሂሮዝ» ይመልከቱ። ዘፈኑ በ1977 በርሊን ውስጥ፣ ከግንቡ አጠገብ በነበረው ሃንዛ ስቱዲዮ ተቀዳ። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ማይክሮፎኖች አቆመ። አንዱ ከቦዊ አፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፣ ሁለተኛው 6 ሜትር፣ ሦስተኛው 15 ሜትር ገደማ። የራቁት ሁለቱ ድምፁ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ በማይከፍት መሣሪያ ተዘግተዋል። ቦዊ ቀስ ብሎ ሲዘፍን የቅርቡ ብቻ ይሠራል፤ ጆሮዎ ሥር ሆኖ የሚያወራዎ ይመስላል። ድምፁን ሲጨምር ሁለተኛው ይከፈታል፣ ሲጮህ ሦስተኛው፤ ያኔ የአዳራሹ ማስተጋባት አብሮት ይገባል። ጓደኛዎ ይህን አውቃ ከሰማች፣ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ መጮህ ሲጀምር ክፍሉ ራሱ ሲሰፋ ይሰማታል። ለመጻፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ማይክሮፎኖቹ፣ የሚከፈቱበት ምክንያት፣ የሚሰማበት ደቂቃ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚሁ ዘፈን ላይ ነው፤ የተሳሳተ ቅጂ ይልካል። በአልበሙ ላይ ያለው 6 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ለሬዲዮ እንዲመች በነጠላ የወጣው ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የተቆረጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ቀስ ያለው ክፍል ነው። ለጩኸቱ ኃይል የሚሰጠው ያ ዝግታ ስለሆነ፣ አጭሩን የሰማ ሰው ማስታወሻዎን አንብቦ «የታለ?» ይላል። ስለዚህ ሊንክ ከመላክዎ በፊት ርዝመቱን ይዩ። በመድረክ የተቀዳ፣ በኋላ ዘመን እንደገና የተዘፈነ ወይም ለነጠላ ያጠረ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከዋናው በላይ ተደርድሮ ይመጣል። ሪማስተር የሚል ምልክት ካለ ግን አይደንግጡ፤ ያው ቅጂ ሆኖ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ ነው። አንዳንዱ ሪማስተር ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ ዝግ ያለውና የሚጮኸው ክፍል ይቀራረባሉ። ሁለት ቅጂ ካለ ጸጥ ያለውን ቦታና ከፍ የሚለውን ቦታ አወዳድረው፣ ልዩነቱ ሰፋ ብሎ የሚሰማውን ይላኩ። ሰከንዱንም የሚወስዱት ከሚልኩት ቅጂ ላይ ይሁን፤ ከሌላ ቅጂ የተወሰደ ሰከንድ ባዶ ቦታ ላይ ይጥላታል።

ማስታወሻው ከ40 እስከ 60 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። «ድንቅ»፣ «ዘመን የማይሽረው»፣ «ልብ የሚነካ» የሚሉትን ያውጧቸው፤ ለማንኛውም ዘፈን የሚሆን ቃል የዚህን ዘፈን ነገር አይናገርም። የእርስዎ ስሜት ግን ይግባ፣ ጓደኛዎ የጠየቀችውም እሱን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፣ «ምክንያቱም» የሚል ይኑርበት። «ይህን እወዳለሁ፣ ምክንያቱም አዝማቹ ሦስት ጊዜ ሊመጣ ደርሶ ይቀራል፤ በአራተኛው ሲመጣ እፎይ እላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድን ዘፈን ብቻ ነው የሚገልጸው።

አሳዛኝ ታሪክ ያለበት ዘፈን ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጆይ ዲቪዥን «ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት» በ1980 ሲወጣ ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ከሞተ ገና አንድ ወር ገደማው ነበር። ይህን መጀመሪያ ላይ ከጻፉ ሰሚዋ ሌላ ምንም አትሰማም፤ እያንዳንዱን ስንኝ የኑዛዜ ቃል ታደርገዋለች። ይልቅ የፒተር ሁክን ቤዝ ጊታር ይጠቁሟት። ቤዝ ብዙውን ጊዜ ከሥር ሆኖ ምት ይይዛል፤ እዚህ ግን ከፍ ባሉት ክሮች ላይ ወጥቶ ዜማውን ራሱን ይጫወታል፣ ሲንተሳይዘሩም ይከተለዋል። ስለ ከርቲስ ሞት ዘፈኑን ከሰማች በኋላ ብትጠይቅ ይንገሯት።

ማስጠንቀቂያ የሚፈልግም አለ። የማይ ብለዲ ቫለንታይን «ኦንሊ ሻሎው» (1991) በአራት የድራም ምት ይከፈትና ጊታሩ ይጎርፋል። ጊታሩ ከቃናው የሚንሸራተት፣ ቴፕ የተሳበ ይመስላል። ያልለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል። ነገሩ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ኬቨን ሺልድስ የጊታሩን ማርገብገቢያ ዘንግ በእጁ እንደያዘ ክሮቹን ስለሚመታ ነው፤ ቃናው ከእያንዳንዱ ምት ጋር ጎንበስ ቀና ይላል። የዘፋኟም ድምፅ ሆን ተብሎ ጊታሩ ውስጥ ተቀብሯል፣ ቃላቱን ለመያዝ መታገል አያሻም። ይህን በሁለት መስመር ከነገሯት እስከ መጨረሻው ትቆያለች።

በልማድ የሚደገም ስህተትም እንዳይገባብዎ። በዝርዝርዎ ላይ ስለ ኋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» (2003) «የቤዝ ጊታሩ ዜማ» ብለዋል። ባንዱ ጊታርና ድራም ብቻ ነው፣ ቤዝ የለም። ጃክ ኋይት ጊታሩን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ በሚያደርግ የእግር ፔዳል በኩል አሳልፎት ነው እንደ ቤዝ የሚሰማው። ይኸው እርማት ራሱ ጥሩ ማስታወሻ ይወጣዋል። ከፍሊትዉድ ማክ «ዘ ቼይን» (1977) ቀጥሎ ቢያስገቡት ደግሞ የበለጠ ያምራል፦ እዚያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሌላው ሁሉ ይረግብና ጆን ማክቪ በእውነተኛ ቤዝ ብቻውን ይገባል፤ ቀጥሎ በ«ሰቨን ኔሽን አርሚ» ደግሞ ቤዝ የሚመስል ጊታር ይከተላል። ሁለቱን አጎራብቶ የሰማ ጆሮ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ይይዛል።

«ኢንዲ ማለት የትኛው ነው?» የሚለው ክርክር ከማስታወሻዎ ውጭ ይቆይ። መነሻው የድምፅ ዓይነት አልነበረም፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ራስን ችሎ ማሳተም ነበር። ባዝኮክስ በ1977 መጀመሪያ አራት ዘፈን የያዘች ትንሽ ሸክላ በተበደሩት ገንዘብ ራሳቸው አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ወደ ድምፁ ተሻገረና አሁን በትልቅ ኩባንያ የወጣውንም ይጠሩበታል። ጓደኛዎ ከጠየቀች ይህ ይበቃታል።

አሁን ስለ መሣሪያው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርትዝ በታች ያለውን ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርትዝ ላይ ነው የሚርገበገበው። ስለዚህ «ዘ ቼይን» ላይ ያ ሁሉ የተወራለት ቤዝ በስልክ ሲሰማ የክር መቧጨር ብቻ ይሆናል። «በጆሮ ማዳመጫ ስሚው» ብለው ከላይ ይጻፉላት። ሁለቱንም ጆሮ ታድርገው፤ የ1960ዎቹ ስቴሪዮ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ዘፋኙን በአንድ ወገን፣ መሣሪያዎቹን በሌላው ወገን ስለሚያስቀምጡ አንዱን ብቻ ያደረገ ሰው ግማሹን ዘፈን ያጣል።

በማጫወቻው ውስጥ ሁለት ነገር ታስተካክል። አንዱን ዘፈን ሳይጨርስ ሌላውን የሚደርበውን ማቀላቀያ ታጥፋ፤ ዘፈኖቹን የሚያደባልቀውንም ምልክት እንዲሁ። የድምፁን ከፍታ በዘፈኖች መካከል የሚያመጣጥነው ግን ይቆይ፣ የ1969 ቅጂ ከ2003 ቅጂ ቀጥሎ ሲመጣ ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ እጇ ስልኩ ላይ አይውልም።

ለእያንዳንዱ ዘፈን ከሊንኩ በላይ የባንዱን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ አልበሙን፣ ዓመቱንና ርዝመቱን በማጫወቻው ላይ በተመዘገበበት ፊደል ይጻፉ። ሊንክ ይሞታል፣ ባለመብቶቹም ዘፈኑን በአንድ አገር ከፍተው በሌላው ሊዘጉት ይችላሉ፤ ስሙና ርዝመቱ ካለ ራሷ ፈልጋ ትክክለኛውን ቅጂ ታገኛለች። ሊንኩን ከመላክዎ በፊት ደግሞ ከመለያዎ ወጥተው አንድ ጊዜ ይክፈቱት። ለእርስዎ የሚከፈተው ለሌላው ላይከፈት ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከዝርዝርዎ ውስጥ 43 ደቂቃ ገደማ የሚሆኑ ዘጠኝ ዘፈኖች መርጠን እንዲህ ብናደርግ ደስ ይለናል። የመጀመሪያው የፒክሲስ «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» (1988)፤ በ1999 በወጣ ፊልም መጨረሻ ላይ ስለገባ ያልሰማው ጥቂት ነው፣ ባንዱን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ያውቀዋል። በማስታወሻው ላይ ከሩቅ የሚመጣውን የኪም ዲልን ድምፅ ይጠቁሙ። ቀጂው ስቲቭ አልቢኒ ያንን ድምፅ ያገኘው በስቱዲዮው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንድትዘፍን አድርጎ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ነው የሚያስተጋባው። ቀጥሎ «ጊሚ ሼልተር»፣ «ዘ ቼይን»፣ «ሰቨን ኔሽን አርሚ»፣ ከዚያ «ሂሮዝ» የመጀመሪያውን ግማሽ ይዝጋ። ሁለተኛው ግማሽ በ«ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት» ይከፈት። ከእሱ በኋላ የስሚዝስ «ሀው ሱን ኢዝ ናው»፤ መጀመሪያ በ1984 በሌላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ የወጣ፣ ወደ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነው። የሚንቀጠቀጠውን የጆኒ ማርን ጊታር ለማግኘት ድምፁን በበርካታ አምፕሊፋየሮች አሳልፈው፣ የሁሉም ንቅጥቅጥ ከምቱ ጋር እኩል እንዲሄድ እጃቸውን መቆጣጠሪያው ላይ አድርገው እየተከታተሉ፣ ሲያመልጣቸው እየመለሱ በቁርጥራጭ ቀዱት። ሰሚዋ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ያንን ንቅጥቅጥ ብቻ ትከተል፤ ርዝመቱ አይታወቃትም። ከዚያ «ኦንሊ ሻሎው»።

የመጨረሻው የቢትልስ «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» (1967) ይሁን፤ ለሌላ ቦታ የሚመች አይደለም። 40 ሙዚቀኞች በ24 ባር (የምት ክፍል) ውስጥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት ከመሣሪያቸው ዝቅተኛ ቃና ወደ ከፍተኛው ሲወጡ የሚሰማው ጉድ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛው በአንድ የፒያኖ ኮርድ ይዘጋል፤ ኮርዱ ከ40 ሰከንድ በላይ እየከሰመ ይቆያል። ድምፁ እየሞተ ሲሄድ መሐንዲሱ የመቅረጫውን መጠን ከፍ ያደርግ ስለነበር መጨረሻው ላይ የክፍሉን ኮሽታ መስማት ይቻላል። ይህ እየተሰማ ሌላ ዘፈን ከኋላ ቢገባ ሁሉም ነገር ይበላሻል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯት፦ በዲጂታሉ ቅጂ ላይ ከኮርዱ ጸጥታ በኋላ በጣም ቀጭን ድምፅና ትርጉም የሌለው የሚደጋገም ወሬ ይመጣል። በሸክላው ላይ ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለችው ቀለበት ውስጥ ያስገቡት ነው፤ ስልኳ አልተበላሸም። ጅማሬው ላይም የቀደመው ዘፈን ጭብጨባ ጭራ አለበት፣ እሱም እንዲሁ የታሰበበት ነው።

ዘጠኙን በአንድ ጊዜ አይላኩ። ሦስት ሦስት አድርገው ይላኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሰምታ እስክትመልስ ይቆዩ። «ወደድሽው?» ብለው አይጠይቁ፣ «አዎ» ብላ ታልፋለች። «የትኛው ሰከንድ ላይ ቆምሽ?» ብለው ይጠይቁ። እርስዎ ካልጠቆሙት ቦታ ላይ ከቆመች የምርጫዎን ቀሪ በእሱ ይቃኙ፦ የድራም ቦታ ጠቅሳ ከሆነ ድራም የሚጎላበትን ያስቀድሙ፣ የድምፅ ቦታ ከሆነ ዘፋኝ የሚጎላበትን። አንዱን ካልወደደችው አይሟገቱለት፤ ከሥሩ አውጥተው በሌላ ይተኩት።

ከ64ቱ ለጊዜው ያስቀረናቸው አይጣሉ። የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» (1975) ከምርጫችን የቀረው ከሬዲዮ ድምፅ ስለሚነሣና ከፊቱ ያለው ዘፈን ወደዚያ ሬዲዮ ገብቶ ስለሚያልቅ ነው፤ ከአልበሙ ጋር ሲላክ ያምራል። የአርኬድ ፋየር «ዌክ አፕ» (2004) አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ምቱን ስለሚቀይር ለዳንስ ወደሚመች ዝርዝር ይሂድ። የሌድ ዜፕሊን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» (1971) ሰባት ደቂቃ ከምናምን በመሆኑ ብቻ ነው የቀረው። እሱ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ በድራም ብቻ ይከፈታል። የጆን ቦናምን ድራም ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ የገጠር ቤት ደረጃ ግርጌ አቁመው፣ ሁለት ማይክሮፎኖች ከላይ ከደረጃው አንጠልጥለው ነው የቀዱት፤ ያ ግዝፈት የደረጃው ባዶ ቦታ ነው። ዘፈኑ ራሱ በ1929 የተቀዳ ብሉዝ ነው፣ በ1927 ስለደረሰው የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ። ሁለተኛውን ዝርዝር በእሱ ይጀምሩ፤ ማስታወሻው ላይ ግን ደረጃው ከጎርፉ ይቅደም።